የወንድሜ ልጅ በበረዶ ላይ ዳንስ ልትገፋበት ነው፤ እባካችሁ ምከሩን

የከዚራ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዎች፣ ሐረሮች፣ ውጭ ያላችሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው የሚኖረው። 14 ዓመት የሆናት ልጅ አለችው። ከ6 ዓመቷ ጀምሮ በረዶ ላይ ትንሸራተታለች። እኛ ድሬ ያለነው ለረጅም ጊዜ እንደ ጨዋታ ነበር የምናየው። ቪዲዮ ሲልክልን «ጎሽ የኔ ልጅ፣ እንዳትወድቂ» ብለን እናልፋለን። እማዬ ዓይኗ ስለደከመ ምስሉን አታይም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ድምፁን ነው የምትሰማው።

አሁን ግን ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። ልጅቷ የምትወዳደረው ብቻዋን አይደለም። አይስ ዳንስ ይሉታል። ከወንድ ልጅ ጋር ተጣምራ ነው። አብሯት የነበረው ልጅ አምና ተወው፤ ወደ ሆኪ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን ስትለማመድ ከረመች። አሁን ሞንትሪያል ያለ አንድ ልጅ ለሙከራ ጠርቷታል። ከተግባቡ ቤቷን ለቃ እዚያው ልትኖር ነው። ሰው ቤት። በ14 ዓመቷ።

ወንድሜ የእማዬን ምርቃት ሊጠይቅ ደወለ። እማዬ ዝም ብላ ሰማችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ይሄ ሥራ ነው ጨዋታ?» መልስ አጣ። እሑድ መልሰን ልንነጋገር ተቀጣጠርን። እስከዚያ ለእማዬ ማስረዳት ያለብኝ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ በረዶ የማውቀው ከፍሪጅ ሲወጣ ነው።

የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ይሄ ነገር ሰው የሚኖርበት ሙያ ነው? ቤተሰብ ምን ይከፍላል? ልጅቷስ ምን ይቀርባታል?


ሳቢያን
ሰኞ፣ ማታ 3፡42

እህቴ፣ በቅንነት ልንገርሽ። ልጅቷ ትማር። ስፖርት ጥሩ ነው፣ አልጠላም። ግን የ14 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጉያ ወጥታ ለዳንስ ሌላ ከተማ ስትሄድ አልዋጥልኝ አለ። ወንድምሽ በሰው አገር ለፍቶ ያገኛትን በረዶ ላይ ሊያፈሳት ነው? ሁለት ሰው ያስፈልጋል ብለሻል። አንዱ ትቶ ሄዷል። ሁለተኛውስ ቢሄድ?


ዛምቦኒ ነጂው
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡05

የድሬ ልጅ ነኝ። ለገሃሬ ነው ያደግኩት፤ አባቴ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። አሁን ሞንትሪያል ውስጥ አንድ የበረዶ አዳራሽ እሠራለሁ። ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ዛምቦኒ እነዳለሁ። የተቦጫጨረውን በረዶ ልጎ አዲስ ውኃ የሚያለብስ መኪና ነው። የሚያፈሰው ውኃ ደግሞ ሙቅ ነው። ሙቁ ውኃ የላዩን ስስ ሽፋን ያቀልጠውና አብረው ይረጋሉ። ለሆኪ ጠንከር ያለ በረዶ እንሠራለን። ለእነዚህ ግን ለስለስ ያለ፣ ስለቱ የሚነክሰው።

ስለዚህ አሰልጣኝ አይደለሁም፣ ዳኛም አይደለሁም። ግን በየቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ አያቸዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። በረዶ ላይ ጥንድ ሆኖ መወዳደር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፔርስ ይባላል። እዚያ ወንዱ ሴቷን ከራሱ በላይ አንስቶ ይሸከማታል፣ ይወረውራታል፣ አየር ላይ ትሽከረከራለች። የናንተ ልጅ ያለችበት ሌላው ነው። በአይስ ዳንስ መወርወር የለም። ከራስ በላይ አንስቶ መሸከም የለም። ዝቅ አድርጎ ማንሳት፣ ሊፍት የሚሉት፣ አለ፤ አጭሩ ከ7 ሰከንድ ካለፈ ግን ነጥብ ይቀነሳል። ሦስት አራት ጊዜ አየር ላይ የሚዞሩበት ዝላይም የለም። ታዲያ ምን ቀረ? እግር ቀረ። ተጠግቶ መሄድ ቀረ። ከባዱም እሱ ነው።

የጫማውን ስለት ገልብጠሽ ብታዪው ከሥሩ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው። ስለዚህ ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዝ አለው። ጀማሪ በሁለቱም ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጎበዝ ግን ሁልጊዜ በአንዱ ጠርዝ ላይ አጋድሎ ነው የሚሄደው፤ ሞተር ሳይክል ኩርባ ላይ እንደሚጋደመው። አሁን ሁለት ሰዎች አስቢ። በሩጫ ፍጥነት፣ ጉልበት ለጉልበት ተቀራርበው፣ እኩል ተጋድመው። የዳንሰኞች ስለት ከኋላው አጠር ተደርጎ የሚሠራው እኮ አንዱ የሌላውን እንዳይረግጥ ነው።

ትዊዝል የሚባል አለ። በአንድ እግር እየተሽከረከሩ ወደ ፊት መጓዝ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ በአንድ ምት። እዚያ ላይ አንዱ በግማሽ ዙር ከዘገየ አዳራሹ ሁሉ ያየዋል።

ለዚህ ነው ዓመታት የሚፈጀው። ዓመተ ምሕረቱን እንደ ፈረንጆቹ ልጻፈው። ካናዳውያኑ ቴሳ ቨርቹና ስኮት ሞይር በ1997 ነው የተጣመሩት፤ እሷ 7፣ እሱ 9 ዓመታቸው። የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙት በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። በ2018 ደገሙት። አሜሪካውያኑ ሜሪል ዴቪስና ቻርሊ ዋይትም በ1997 ጀመሩ፤ ወርቁን ያገኙት በ2014 ሶቺ ላይ። እነዚህ አራት ሰዎች ለዓመታት ሚሺጋን ውስጥ አንድ አዳራሽ፣ በተመሳሳይ አሰልጣኞች ሥር ነው የሠሩት። ጠዋት ጠዋት እየተያዩ።

ስለዚህ ሳቢያን «ሁለተኛውስ ቢሄድ?» ያልከው ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ሙያው የአንድ ሰው አይደለም። ሁለቱ ሲኖሩ አለ፣ አንዱ ሲሄድ የለም።


ሳቢያን
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡20

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን አሁን የባሰ ፈራሁ። 13 ዓመት ጠብቆ፣ 17 ዓመት ጠብቆ? ለዚያውም ያሸነፉትን ነው የነገርከን።


ኩሽኔታ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡00

እኔ በረዶ አይቼ አላውቅም። ግን ድሬ ላይ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ልጆች ባለ ጎማ ጫማ አስተምራለሁ። እኛ ልጅ ሆነን በእንጨትና በኩሽኔታ የሠራናትን ጋሪ ነበር የምንነዳው። ያሁኖቹ ጫማ አላቸው።

ዛምቦኒ ነጂው የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ጎበዞቼን ጠራኋቸው። «እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ፣ በመሃላችሁ አንድ ስንዝር ብቻ ትታችሁ፣ እስከዚያ ምሰሶ ሂዱ» አልኳቸው። ሁለቱም ለየብቻ ሲሄዱ እንደ ወፍ ናቸው። አብረው ግን 10 ሜትር አልሄዱም፤ ወደቁ። ደጋገምነው። ልጁ ፈጣን ነውና እየጎተታት እንደሆነ አስተዋልኩ። እሷም እንዳትወድቅ ወደ ኋላ ትይዘዋለች። «አትጎትታት፣ ዝም ብለህ ትንፋሿን ስማ» አልኩት። አራተኛው ላይ ምሰሶው ጋ ደረሱ።

አቦ፣ የዚያን ሰዓት ፊታቸውን ብታዩ! ለብቻቸው ስንት ነገር ሠርተው እንደዚያ ሲደሰቱ አላየኋቸውም።


የከዚራ ልጅ
ማክሰኞ፣ ቀን 8፡30

ኩሽኔታ፣ ይሄንን ለእማዬ አነበብኩላት። «ትንፋሿን ስማ» የምትለዋ ላይ «ድገሚው» አለችኝ።

ዛምቦኒ ነጂው፣ ስለ ገንዘቡ ብትነግረኝ። ወንድሜ ትራክ ነጂ ነው። ሚስቱ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ብር የሚተርፋቸው ሰዎች አይደሉም።


ዛምቦኒ ነጂው
ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡50

የማየውን ልንገርሽ። ቤተሰብ የሚከፍለው ለበረዶው ሰዓት ነው። ለአሰልጣኙ ነው። ዳንሱን ለሚቀምረው ነው። ለልብስ፣ ለጉዞ፣ ለሆቴል ነው። በደህና ደረጃ ለሚወዳደር ልጅ ጫማና ስለቱ ብቻ ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ይሄዳል፤ እግሩ እያደገ ላለ ልጅ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ብዙ ወላጆች ሁለት ሥራ ይሠራሉ። የአዳራሹ ካፌ ውስጥ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ እንቅልፍ የሚወስዳቸው አባቶች አያለሁ። ቀስቅሼ ቡና የሰጠኋቸው አሉ።

የሚመለሰው ገንዘብ ትንሽ ነው። ከላይ ያሉት ጥቂቶቹ ከፌዴሬሽን ድጋፍ ያገኛሉ፣ የትርኢት ሥራ ያገኛሉ። ሌላው ከኪሱ ነው።

ካቆሙ በኋላ ግን ሙያው አያልቅም። ማሪ ፍራንስ ዱብሬይና ፓትሪስ ሎዞን በ2006ና በ2007 በዓለም ሻምፒዮና ብር ያገኙ ባልና ሚስት ናቸው። ዛሬ ሞንትሪያል ውስጥ የዓለም ምርጦች የሚጎርፉበት የአይስ ዳንስ አካዳሚ አላቸው። አሰልጣኝ የሚሆን አለ። ዳንስ የሚቀምር አለ። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከ1 እስከ 4 ደረጃ የሚሰጡት የቴክኒክ ባለሙያዎችም ብዙዎቹ የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ናቸው። ጠዋት ሕፃናትን እያስተማሩ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆችም አውቃለሁ።


አሸዋ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡15

ለእናትሽ ጥያቄ የሚሆን ታሪክ አለኝ።

እንግሊዝ ውስጥ ኖቲንግሃም የምትባል ከተማ አለች። ጄን ቶርቪል እዚያ የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ነበረች። ክሪስቶፈር ዲን ፖሊስ ነበር። ልምምዳቸው ከሥራ ሰዓት በተረፈው ጊዜ ነው። በኋላ የከተማው ምክር ቤት የገንዘብ ድጋፍ ሲሰጣቸው ሥራቸውን ለቀው ሙሉ ጊዜያቸውን በረዶው ላይ አዋሉ።

በ1984 ሳራዬቮ ኦሊምፒክ ላይ የራቬልን ቦሌሮ ይዘው ቀረቡ። ሙዚቃው ረጅም ነው። ቢቆርጡት ቢቆርጡት ከ4 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ አልወርድ አላቸው። ሕጉ የሚፈቅደው ደግሞ 4 ደቂቃ ከ10 ነበር። ሕጉን ቁጭ ብለው አነበቡት። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ስለታቸው በረዶ ላይ መሄድ ሲጀምር ነው። ስለዚህ በጉልበታቸው ተንበርክከው ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን 18 ሰከንዶች በላይኛው አካላቸው ብቻ ደነሱ። ሰዎች ዛሬም የሚያስታውሱት ያንን መንበርከክ ነው። በዚያ ምሽት 12 ጊዜ 6.0 ተሰጣቸው። 6.0 ያኔ ከፍተኛው ነጥብ ነበር።

ያ የ6.0 አሰጣጥ አሁን የለም። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ በፔርስ ውድድር የዳኞች ቅሌት ተፈጠረ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አቆጣጠር መጣ።

ለእናትሽ የምትይው ግን የፖሊሱንና የኢንሹራንሷን ሠራተኛ ነገር ነው። ከተማው የነሱን ጨዋታ ሥራ ብሎ ተቀበለላቸው።


የሁለት እናት
ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

እኔ የማስበው ስለ ሜዳሊያ አይደለም። ልጄ ብትሆን የምጠይቀው ሌላ ነው። የምታድርበት ቤት የማን ነው? እዚያ ቤት ሌላ ማን አለ? አሰልጣኙ ልምምድ ሲያሠራ ወላጅ ገብቶ ማየት ይችላል? ልጁ ቢቆጣት፣ ቢሰድባት ለማን ትናገራለች? በየቀኑ እጇን የሚይዝ፣ ወገቧን የሚይዝ ሰው ነው። ጨዋ ቤተሰብ መሆኑን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ወንድምሽ አብሯት ይሂድና ቢያንስ ሳምንት ይቀመጥ። ልጅቷ «ደክሞኛል፣ ውሰዱኝ» ብትል ደግሞ ያለ ምንም ወቀሳ ልትመለስ የምትችል መሆኑን አስቀድመው ይንገሯት። ይሄ ሳይባል አትሂድ።


ዛምቦኒ ነጂው
ረቡዕ፣ ማታ 5፡10

የሁለት እናት፣ እግዜር ይስጥሽ። ከተጻፈው ሁሉ ይሄ ይቅደም። በሩ ለወላጅ የተዘጋ አዳራሽ ከሆነ ይተዉት።


መኪና ግርግር
ሐሙስ፣ ቀን 7፡00

ሐረር ነኝ፣ ልብስ ሰፊ። ስለ ሌላው አላውቅም፤ ስለ ልብሱ ግን ማታ ቪዲዮ ሳይ አመሸሁ። እንዴት ያለ ሥራ ነው!

ያቺ ፈረንሳዊት፣ ጋብሪኤላ ፓፓዳኪስ። በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ ከጊዮም ሲዝሮን ጋር አጭሩን ዳንስ (የውድድሩን የመጀመሪያ ክፍል) ገና ሲጀምሩ ከአንገቷ ኋላ ያለው መያዣ ተለቀቀባት። ዓለም ሁሉ እያየ። ቆም ብላ ብታስተካክል ነጥብ ይቀነስባቸዋል። አላቆመችም። ልብሷን እየጠበቀች፣ እጇን እየሰጠች፣ እስከ መጨረሻ ጨረሰች። በማግስቱ ነፃውን ዳንስ (ሁለተኛውን ክፍል) ከሁሉም በልጠው ሠሩ። በድምሩ ግን በ0.79 ነጥብ ተበልጠው ብር ወሰዱ። አንድ መያዣ! ልብስ ሰፊ ሆኜ ይሄንን ሳይ ሆዴ ተላወሰ። ከ4 ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ ወርቁን ወስደዋል።

ከልብስ ላይ ላባ ወይ ጌጥ በረዶው ላይ ቢወድቅ እንኳ 1 ነጥብ ይቀነሳል። ልክ ነው፤ ስለቱ ከነካው ቀጣዩ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ ለልጅቷ የሚሰፋላት ሰው መያዣውን በክር ብቻ አያስቀረው፤ ከውስጥ ሁለተኛ መያዣ ይጨምርበት። ጨርቁም ወደ አራቱም ጎን የሚሳብ ይሁን። ከሥር የሚገባው ስስ መረብ ደግሞ ከቆዳዋ ቀለም ጋር የሚመሳሰል መሆን አለበት። የነጭ ቆዳ ቀለም አምጥተው እንዳያለብሷት። ካላገኙ በሻይ ወይ በቡና ይነከር፤ እኔ ለሙሽሮች የማደርገው ነው።


ኡሙ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁም። በልብሱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለሌሎች ሙስሊም ቤተሰቦችም ይጠቅማል። የኤምሬትስ ልጅ ዛህራ ላሪ ሒጃብ አድርጋ ነው ስትወዳደር የነበረችው። ለብቻዋ ነበር እንጂ በጥንድ አይደለም። በ2012 ጣሊያን ላይ በራስ መሸፈኛዋ ምክንያት ነጥብ ቀነሱባት። ዝም አላለችም፤ ተከራከረች፣ ሕጉ ተለወጠ። ማሻ አላህ። ሕግም ጠያቂ ካገኘ ይስተካከላል።


ነምበር ዋን
ሐሙስ፣ ማታ 2፡25

ማንም ያላነሳው አንድ ነገር አለ። ልጁ ዜግነቱ የት ነው?

በዓለም ሻምፒዮና ላይ ከሁለቱ አንዱ የአገሩ ዜጋ ከሆነ ይበቃል። በኦሊምፒክ ግን ሁለቱም ዜጋ መሆን አለባቸው። ስንት ጥንድ እዚህ ላይ ተሰናክሏል መሰላችሁ! ታኒት ቤልቢን ካናዳዊት ነበረች፤ ከአሜሪካዊው ቤን አጎስቶ ጋር ተጣምራ ለአሜሪካ ትወዳደር ነበር። ዜግነት ያገኘችው በ2005 መጨረሻ በኮንግረስ በወጣ ልዩ ሕግ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ቱሪን ላይ ብር አገኙ። ያ ሕግ ባይወጣ ቤታቸው ሆነው ነበር የሚያዩት።

ደግሞ እድሜም አለ። አሁን በአዋቂዎቹ ምድብ ለመወዳደር 17 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጅቷ ሦስት ዓመት አላት። አትቸኩሉ።


ሐረማያ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡55

ለኢትዮጵያ መወዳደር አትችልም? ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ በበረዶ ሸርተቴ (በስኪ) ባንዲራችንን ይዞ ገባ። በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። በ2010ም ደገመው። ፌዴሬሽኑ እንዲቋቋም ራሱ ነው የደከመው። ናይሮቢ እንኳ ከ2005 ጀምሮ አንድ ሆቴል ውስጥ የበረዶ ሜዳ አለ፤ ኬንያውያን ሆኪ ይጫወቱበታል።

ሌላም ነገር አሰብኩ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ጥንዶቹ የሕዝብ ጭፈራ ይዘው እንዲመጡ ታዘው ነበር። ዴቪስና ዋይት የህንድ ዳንስ ይዘው መጡ፤ በደንብ አጥንተውት ስለነበር ተወደደላቸው። አንድ የሩሲያ ጥንድ ደግሞ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችን ጭፈራ እንሠራለን ብሎ ባለቤቶቹን አስቀየመ። እኔ ያደግኩት ሸጎዬ እያየሁ ነው። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው፣ ትከሻና አንገት እያወዛወዙ፣ እየተጠባበቁ። አንዱ ሌላውን ካልሰማ ሸጎዬ አይሆንም። ይቺ ልጅ አንድ ቀን ሸጎዬን በረዶ ላይ ብታደርገው ምን ትመስል ይሆን እያልኩ ነው። መጀመሪያ ግን ትምጣና ከባለቤቶቹ ትማረው።


ወጌሻ
ዓርብ፣ ጠዋት 3፡20

ሐረር ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ስለ አካል ልናገር። ቁርጭምጭሚት፣ ዳሌ፣ ወገብ፣ እነዚህ ላይ ነው ጫናው። አንድ ዓይነት መጋደም በቀን ስንት መቶ ጊዜ ነው። በዚያ ላይ የማደግ እድሜ ነው።

ከላይ የተጠቀሰችው ቴሳ ቨርቹ በ2008 የታችኛው እግሯን ቀዶ ሕክምና ተደርጋለች፤ በ2010 እንደገና። ጡንቻው በሸፈነው ስስ ከረጢት ውስጥ እያበጠ ሲጨናነቅ የሚመጣ ሕመም ነው። ስትራመድ እንኳ ያማት ነበር። እሷ ስታገግም ስኮት ሞይር የአሸዋ ከረጢትና የሆኪ ዱላ ይዞ ብቻውን ይለማመድ ነበር። በዚያ ሁለት ወር ያህል ሁለቱ በቅጡ አልተነጋገሩም። በኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት ያ ዝምታ ግንኙነታቸውን ለዓመታት ጎድቶት ነበር።

ልጅቷ ሲያማት ትናገር። ደብቃ አትሥራ። ልጁም እንዲያውቅ ታድርግ።


የከዚራ ልጅ
እሑድ፣ ማታ 4፡00

ደወልን። ሁለት ሰዓት ፈጀ።

የሁለት እናት የጻፈችውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለወንድሜ አነበብኩለት። ግማሹን መልሷል፤ ግማሹን አላሰበበትም ነበር። ነምበር ዋን፣ ልጁ ካናዳ የተወለደ ነው፤ እሱ ላይ ችግር የለም።

የፖሊሱን ታሪክ ለእማዬ ነገርኳት። «ሥራውን ትቶ?» አለች። «ከተማው ደገፈው» አልኳት። «እሷን ማን ይደግፋታል?» አለች። ወንድሜ ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን ለልጅቷ ሰጣት። እማዬም የጠየቀቻት ስለ ገንዘብ አልነበረም። «ብቻሽን ስትሆኚ ምን ይጎድልሻል?» አለቻት። ልጅቷ አማርኛዋ ትንሽ ይሰባበራል፤ «አያዬ፣ ብቻዬን ስሄድ በረዶው ትልቅ ነው» አለቻት።

እማዬ ከዚያ ብዙ አልተናገረችም። «ሞክሪና ድምፁን ላኪልኝ» አለቻት።


ሳቢያን
እሑድ፣ ማታ 4፡25

አሁንም ልቤ ሙሉ አይደለም፤ አልዋሽሽም። ግን ይቺን የልጅቷን መልስ ሳነብ ዝም አልኩ። ትሞክር። ትምህርቷን ብቻ እንዳትለቅ።


ዛምቦኒ ነጂው
እሑድ፣ ማታ 6፡05

ድምፁን መጠየቋ ትክክል ነው፤ ለእናትሽ ንገሪልኝ። በሁለቱም ጠርዝ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው በረዶውን ይቧጭራል፤ ክርር ክርር ይላል። ጠርዙ ላይ የሚሄድ ግን ድምፁ ጨርቅ በቀስታ ሲቀደድ ይመስላል። ጥሩ ጥንድ ሲመጣ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ማሽኑን እያጠብኩ እንኳ አውቀዋለሁ። አራት እግር መሆኑ አይለይም።


የከዚራ ልጅ
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ቀን 9፡15

ክሩን የምትከታተሉ ስላላችሁ ልጻፍላችሁ።

ሙከራው ሦስት ቀን ነበር። ወንድሜ ፈቃድ ወስዶ አብሯት ሄደ። ቤቱን አይቷል፤ የምታርፈው ሁለት ሴት ልጆች ያሏቸው እናት ዘንድ ነው። አዳራሹ ወላጅ ያስገባል። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ወደቁ። ሁለተኛው ቀን ልጁ ፈርቶ ራቅ ራቅ ይላት ነበር አለ ወንድሜ። ሦስተኛው ቀን ላይ ቀረጸና ላከልን።

እማዬ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በርትቶ በረንዳው ላይ ጋደም ብላ ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። የላይኛው ሰፈር ልጆች ይጮሁ ስለነበር ዝም አሰኘኋቸው። መጀመሪያ ላይ ይቧጭራል። እሷም ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ መሃል ላይ አንድ ቦታ አለ፣ አንድ ደቂቃም አይሞላም። ድምፁ ይቀጥናል። እማዬ እጇን አነሳች፣ ዝም በሉ እንደማለት። ሲያልቅ «ልጁስ የት አለ? የሷን ብቻ ነው የሰማሁት» አለችኝ።

እዚያው ስልክ አስደወለችኝና መረቀቻት።

በነሐሴ ትሄዳለች። ለአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያ እንደገና ይታያል። ትምህርቷን እዚያው ትቀጥላለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ሲያማት ትናገራለች። መመለስ ከፈለገች ማንም «ለምን» እንደማይላት ወንድሜ በእማዬ ፊት ቃል ገብቷል። ከገንዘቡ እኛም እህትማማቾች በየወሩ ትንሽ ልናዋጣ ተስማምተናል።

መኪና ግርግር፣ የመያዣውን ነገር ለወንድሜ ሚስት ልኬላታለሁ። መረቡን በቡና ነክራ እየሞከረች ነው።


ዛምቦኒ ነጂው
ቅዳሜ፣ ማታ 5፡30

እልል ብያለሁ እዚህ ብቻዬን። ሲመጡ ወንድምሽ እዚሁ ይጻፍልኝ። ከአዳራሹ እስከ አውቶቡሱ ያለውን መንገድ አሳያቸዋለሁ፤ በጥር ያ መንገድ ለድሬ ሰው ቀላል አይደለም። ከእናትሽ ደግሞ ትንሽ ሹሮ ብትልኩ አልጠላም።


የከዚራ ልጅ
እሑድ፣ ጠዋት 2፡00

እማዬ ሰምታለች። ሽምብራው ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።